ሁለተኛው ሳህን

«ኒራንጃን በገዛ ልጁ የቀለበት ምሳ ላይ የሙሽራውን ቤተሰብ አሸዋ አበላቸው። ራሱም አምኗል። የእማዬ መፍጫ ድንጋይ ለሚያውቅበት ሰው ይሰጥ። እሁድ መኪና ልኬ አስወስደዋለሁ።»

ውድ እትዬ ኩሙድ፣

ይህን አንቺ የጻፍሽውን ቃል በቃል የገለበጥኩት ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከሚያነበው የስልክ ቡድናችን ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። የሆነውን ግን እኔ ልንገርሽ።

የዚያን ቀን ጠዋት የፈጨሁትን ቻትኒ፣ ያን አረንጓዴ ማባያ፣ አንቺም ቀምሰሻል። የድንብላሉን ቅጠል ከነለጋ ግንዱ፣ ናናውን ቅጠሉን ብቻ፣ ቃሪያ፣ ከሙን፣ ጥቁር ጨው፣ ጎምዘዝ እንዲል ደግሞ ጥሬ የአምላ ፍሬ። ውሃ ጠብ አላደረግኩበትም። ቅጠሉ የራሱ ውሃ አለው። እንግዶቹ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት። የሙሽራው የሳርታክ አባት «መምህር፣ ኮሌጅ የሚያስተምሩት ኬሚስትሪ ነው ወይስ ይሄንን?» ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። ለምን እደብቅሻለሁ? ኮርቻለሁ።

ያላወቅሁት ነገር፣ እነሱን ልቀበል ባቡር ጣቢያ ስሄድ በመንገድ የሚያልፍ ወቃሪ ጠርተሽ ድንጋዩን ማስወቀርሽን ነው። ቻትኒው ሲያልቅ «አንተ ተቀመጥ! ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል? እኔ እፈጫለሁ» ብለሽ ተነሣሽ። ሁለተኛው ሳህን መጣ። የሳርታክ አባት ገና እንደጎረሱ ጥርሳቸው ቀጭ አለ።

«ኧረ መምህር፣ ጥርሴን ያስተከልኩት በቅርቡ ነው!» አሉና ሳቁ። ልጄ ማይትሬዪ ግን አንገቷን ደፋች።

ማጀት ስገባ ድንጋዩ በመሮ ተነቅሶ ነጭ ሆኗል፤ ሥሩ ያለው ውሃ ግራጫ ነው።

«እትዬ፣ አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ላይ፣ አሸዋው እንዲጸዳ ሩዝና ጨው ፈጭተሽ ሳትደፊ፣ ቅጠል ትፈጫለሽ?»

«አጥቤዋለሁኮ!»

«ድንጋይ ሸሚዝ ነው እንዴ?»

«ቀስ በል፣ በእናትህ። ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

አላዋረድኩሽም። ወጥቼ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ታላቄ ስለሆንሽ፣ እንግዳ ፊት ቤታችን እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው። አንቺ ይህንኑ ቃል አንስተሽ መልሰሽ ወረወርሽብኝ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እማዬ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ሲላት፣ አንቺ ግዋሊያር ከተማ ነበርሽ፤ አልወቅስሽም። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በፊት መሬት ተቀምጬ መጅ እገፋለሁ፤ እሷ ከአልጋዋ ታዘኛለች። «ትፈጫለህ ወይስ ድንጋዩን ታሻለህ? ትከሻህን ስጠው!» ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ጨው አነሰ፣ ናና በዛ። አንድ ቀን ግን ምንም ሳትል በቂጣዋ ሳህኑን ጠርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዩኒቨርሲቲ ከተሰጠኝ ዲግሪ ያ ዝምታ ይበልጥብኛል። «ለሚያውቅበት ይሰጥ» ስትዪ ያንን ነው የነካሽው።

መኪናሽ እሁድ ከመጣ፣ ሾፌሩን ምሳ አብልቼ ባዶውን እመልሰዋለሁ። ድንጋዩ እኔም ዘንድ አይቀርም። ማይትሬዪ ይዛው ታገባለች፤ ከእኔ የተሻለ ትፈጫለች፣ ይህንንም በኩራት ነው የምጽፈው። ሳርታክም ተራ ገብቶ ሊፈጭ ቃል ሰጥቶኛል። ትናንት መጥቶ ሩዝ ፈጭቶ ደፋ፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር፣ አላማረረም።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሁለተኛውን ሳህን ማን እንደፈጨው በገዛ እጅሽ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ላኪልኝ፤ ለማይትሬዪ አነብላታለሁ፤ ለዘመድም ራስሽ ታሳውቂያለሽ። አትደውዪ፣ ስልክ አላነሣም። ወረቀቱ እስከ ሆሊ በዓል ዋዜማ ጃባልፑር ድረስ መጥቶ እጄ ይግባ።

ታናሽ ወንድምሽ
ኒራንጃን