ማር የነካው የአባታችን ዱዓ

ለወንድሜ ለዓሪፍ ጀብሪል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? የፈረንሳይ ብርድ አሁንስ ለቀቀህ? በደንብ ትበላለህ? ባለፈው በስልክ ሳይህ ጉንጭህ ጎድሎብኝ "ከስቷል" ብል፣ ባለቤቴ ሙሐመድዘይን "ካሜራው ነው" አለኝ። ለወንድ መቼም ሁሉ ነገር ቀላል ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ዝናቡ ሳይዘገይ ገብቷል። እኔም የደሴ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ፓፓያዬን ይዤ እሮጣለሁ፤ ጉልበቴ ገና አልከዳኝም።

ሰሞኑን ስትደውል እማዬ ስልኩን ወደ እኔ የምትገፋው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በስልክ ላወራህ ስል አጠገቤ ሆና ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ለዕረፍት የመጣችው ናጅዋ ወደ እናንተ ስትመለስ ከዕቃው ጋር እንድታደርስልኝ ጻፍኩት። ነገሩ ስለ ብልቃጧ ነው። አብሽር፣ አልተሰበረችም።

አምና ያቺን ነጭ ዱቄት በብልቃጥ አድርገህ በናጅዋ ስትልክ፣ አባታችን አላህ ይዘንላቸውና ከመሞታቸው በፊት ያደረጉትንና እኔ በስልኬ የቀዳሁትን ዱዓ እንደጻፍክባት ነግረኸን ነበር። ቃሉን ኮምፒውተር ወደሚያውቃቸው ሁለት ምልክቶች ለውጠህ፣ ሁለት ዓይነት ዶቃ በክር እንደመሰካት፣ በዓይን በማይታይ የፕላስቲክ ሰንሰለት ላይ እንደደረደርከው ስታስረዳኝ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር። ማንበቢያው መሣሪያ ሰንሰለቱን ይሰባብርና ስብርባሪውን እየመዘነ የትኛው ዶቃ የት እንደነበረ ይለያል አልክ። ብልቃጧ በመርሳ ሙቀት ዓመት ቆይታ ቃሉ ሳይጎድል ከተነበበ ትምህርትህ ያልቃል፣ አንተም ትመጣለህ። እማዬ ሣጥኗ ውስጥ እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቃት የከረመችው ለዚህ ነው።

ግን ደግሞ የተጻፈ ዱዓ እኛ ዘንድ ምን ይደረጋል? ልጅ ሆነን ትኩሳት ሲይዘን ሸኹ በእንጨቱ ሎህ ላይ ጽፈው፣ ቀለሙን በውኃ አጥበው ያጠጡን የለ? ልጄ ሉብና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ወልድያ ልትሄድ ስትነሣ፣ እማዬ ብልቃጧን ከፍታ ዱቄቱን ማር በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ገለበጠችው። "ጠጪ፣ የአያትሽ ዱዓ ነው" ትላታለች። ሉብና ደግሞ "እማማ፣ አጎቴ ፕላስቲክ ነው ብሏል እኮ፤ ፌስታል ጠጥቼ ነው ፊዚክስ የምፈተነው?" እማዬም "ይቺ ምላሳም! የአያትሽን ዱዓ ፌስታል ትይዋለሽ?" እኔ ስደርስ ብርጭቆው በሁለቱ መሐል ይገፋል።

ወላሂ ዓሪፍ፣ ብርጭቆውን ነጠቅኳቸው። ደግነቱ ዱቄቱ ሳይሟሟ ከታች ተኝቷል። በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ በጥላ አደረቅሁትና ወደ ብልቃጧ መለስኩት። ከሻሹ አልላቀቅ ያለ ስላለ ሻሹንም ጨምሬ ልኬልሃለሁ። የሚጣበቀው ማሩ ነው።

እማዬ ነገሩ ሲገባት ዱብ ብላ ተቀመጠች። "የልጄን መምጫ በጠበጥኩት" አለች። ከዚያ ወዲህ ምግብ የምትቀምሰው በልመና ነው። እኔም ብታሳዝነኝ "ዝም ብለን እንላከው፣ ማን ያውቃል?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "አባትሽ በተናገሩበት ነገር ላይ ውሸት ልታስነኪ? ለአስተማሪዎቹ እንዳለ ይንገራቸው። ሌላ ዓመት ቆይ ቢሉትም ይቆይ፤ አላህ ካለ እጠብቀዋለሁ" አለች። ይኸው እንዳለች፤ ማርም ለብ ያለ ውኃም ነክቶታል። ንገራቸው።

ሙሐመድዘይን ሰላም ብሎሃል፤ ስትመጣ ትተኸው የሄድከው ጥጃ በሬ ሆኖ ታየዋለህ ይላል። ሉብና ከወልድያ ደውላ "ያለ ፌስታልም ፊዚክሱ ቀሎኛል በይልኝ" ብላለች። ጎረቤታችን ባለሱቋ ንግሥት ናፍቀኸኛል ትላለች። እማዬ ግንባርህን ትስማለች፤ ሌላ ቃል ጨምሪ ብላት የምሳ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሣች።

ስለዚህ ብልቃጧ እጅህ ስትገባ፣ መሣሪያህ ከማንበቡም በፊት፣ ደውልላት። ዱቄቱን አታንሣባት። "ምሳ በላሽ?" ብቻ በላት። አንተ ከጠየቅካት ትበላለች።

እህትህ ዙልፋ ጀብሪል
መርሳ፣ ሀብሩ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.