ድልድዩ እያለ

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ
ተሻግሬ አባዬ ጋ ዋልኩ። ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ሾፌሩ እንደ ልማዱ፣ «ሆዳችሁን አስገቡ፣ እንቅለልለት!» አለ። ሁሉም ሳቀ። መጋጠሚያው ጋ ጓ! ሲል ግን ሳቁ ቆመ፤ በክፍተቱ ወንዙ ይታያል። እኔ አልፈራሁም። በሥራ ቀን ስፈራለት ስለምውል ይሆናል፣ ድልድይ መርማሪ አይደለሁ?

አባዬን ዛሬም ለመንኩት። እኔ ጋ ና፣ አብረን እንኑር...
«ድልድዩ እያለ ምን አጣደፈኝ? ሃያ ደቂቃ ነው።»
እማዬ ከሞተች ጀምሮ ይቺኑ መልስ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንኳ ይናፍቀኛል። ለምን ይሆን?

ጥቅምት 6
ለአባዬ ብዬ ያስገባሁትን አልጋ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ተገላገልኩ አልኩ። ውሸቴን ነው።

ጥቅምት 9
በአባዬ በኩል ያለው የመጀመሪያው ምሰሶ ሥር ወረድኩ። ስንጥቁ ላይ ስስ መስታወት በጀሶ ለጠፍኩ፣ ቀኑንም ጻፍኩበት። እኛ «ምስክር» እንለዋለን። ስንጥቁ ከሰፋ መስታወቱ ይሰበራል፤ መስታወቱ ከተሰበረ ድልድዩ ይዘጋል። ከተዘጋ በዙሪያው መንገድ አምስት ሰዓት... ያውም መሄጃው ብቻ። የኔ ቅዳሜ አለቀላት ማለት ነው።

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ
ለአባዬ ነገርኩት። ይሄ አፌ አያርፍም! ድልድዩ ሲሠራ ኮንክሪት ያቦካው እሱ ነውና ቱግ አለ። «እኔ ያቦካሁት ነው የሚሰነጠቀው? አንቺ ሳትወለጂ የቆመ!»
ባርኔጣውን አውልቆ እያገላበጠ፣ «መስታወቱ ካልተሰበረስ?»
«ካልተሰበረማ ማን ይነካዋል።»
በር ድረስ ሸኘኝ።

ጥቅምት 16
መስታወቱ ደህና! ተመስገን! ግን... ቀኑን የጻፍኩት በሰማያዊ አልነበር? አሁን ጥቁር ነው። እንጃ። ደስ ሲለኝ ጊዜ አላጣራሁም። «ደህና» ብዬ ፈረምኩ።

ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ
አባዬ ቤት። ግድግዳው ላይ ያለው የእማዬ ፎቶ መስታወት የለውም።
«ምን ሆነ?»
«ወደቀ።»
ፍሬሙ ጭረት እንኳ የለበትም። ጫማው ላይ ጀሶ አየሁ።
«አባዬ፣ ምስክሩን ነካኸው?»
መሬት መሬት እያየ፣ «ሰኞ ላየው ወረድኩ። ለሁለት ተሰብሯል። ታዲያ ምን ላድርግ? ቅዳሜ ቅዳሜ ባትመጪስ?»

ልቆጣው ነበር፣ እንባ ቀደመኝ። ያንን ቁልቁለት፣ በዚያ ጉልበቱ! ግን ሾፌሩ... የሚስቁት ሰዎች... እዚያው ፊቱ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «የፈረምኩት ስህተት ነው። መስታወቱ ተሰብሯል። ዛሬውኑ ዝጉት።» በእማዬ ፎቶ መስታወት ማን እንደተካው አልተናገርኩም።
አባዬ ፊቱን አዞረብኝ። ቻው እንኳ አላለኝም።

መኪና ስለታገደ በእግሬ ተሻገርኩ። ብረቱን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ። በእግር እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለቴ ዞሬ አየሁ፣ አልወጣም።

ጥቅምት 21
ድልድዩ ታጠረ። ስንጥቁ ሁለት ጣት ያስገባል። «ሳታጣሪ ፈርመሻል» ብሎ አለቃዬ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ልክ ነው።

ጥቅምት 24
አባዬ ስልክ አያነሳም።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ
እግሬ ልማዱን አይተውም፣ ድልድዩ ጋ ሄድኩ። ከማዶ አጥሩን ተደግፎ አንድ ሰው ቆሟል። ባርኔጣውን አወቅኩት። ስልኬ ጮኸ።
«አየሽኝ?»
«አየሁህ።»
«ወርጄ ላየው ስል ጥበቃዎቹ ከለከሉኝ። ሁለት ጣት ይገባል አሉኝ።»
«ይገባል፣ አባዬ።»
«እኔ ያቦካሁት...» ጎንበስ ብሎ ምሰሶውን አየ። «ደግ አደረግሽ።»
እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ። ሁለታችንም ቶሎ አላወረድንም።
«እንግዲህ ድልድዩም የለ። በዙሪያው እመጣለሁ፣ ነገ። እናትሽንም ይዣት ነው፣ መስታወት ታስገቢላታለሽ። ያ አልጋ አለ?»
«አለ! ተነጥፎ ነው ያለው።»

ስለ ድልድዩ መዋሸት ያቃተኝ ሴትዮ፣ ስለ አልጋ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። አሁን ጎረቤቴን ልለምን መሄዴ ነው።