ከመርሳ ወልዲያ፣ በአዲሱ ቨርዥን

የካቲት 3፣ ሰኞ

መብራት ረፋድ ላይ መጣ። ልብስ አጠብኩ። ለእናቴ ሽንኩርት ገዛሁ። ከተመረቅሁ ሰባት ወር... መቁጠር ላቆም ብዬ ነበር፣ አላቆምኩም።

ከሰዓት ኢሜይል ስከፍት ከአዲስ አበባ መልስ መጥቷል። ሾፌሮችን በኮምፒውተር የአውቶቡስ ጨዋታ ላይ መንዳት የሚያለማምደው ድርጅት። ባለፈው ወር የጻፍኩላቸው። «የሠሩት መንገድ ካለ ይላኩልን። በአዲሱ ቨርዥን የሚሠራ መሆን አለበት። እስከ መጋቢት 30።»

ካለ? አለኝ እንጂ። ከመርሳ እስከ ወልዲያ፣ ሙሉው፣ ሲሪንቃ ያሉት የምርምር ማሳዎች ሳይቀሩ። እኔና ሰገን ሁለተኛ ዓመት እያለን በአውቶቡሱ ጨዋታ ላይ የጨመርነው። ሰገን... የሷን ነገር ሌላ ቀን።

ማታ ራት ላይ ለአቡበከር ነገርኩት። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ በዚያው መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ ነው የሚገባው።

«ሞድ ደሞ ምንድን ነው?»

«ጨዋታውን ፈረንጆች ሠሩት። የኛን መንገድ እኛ ጨመርንበት። የጨመርነው ነው ሞድ።»

«እና ሰው እኔን የሰለቸኝን መንገድ ቁጭ ብሎ ይነዳዋል?»

«በነጻ።»

«ወላሂ እኔን ይጥሩኝ። በደመወዝ እነዳላቸዋለሁ።»

እናቴ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የጨዋታው አዲስ ቨርዥን ስሙ ያው ነው። አውቶቡሱም ያው። ዝናቡ ያምራል፣ መስታወቱ ላይ እየተንኳለለ ይወርዳል። የፊት መብራቱ አስፋልቱን እውነት ያስመስለዋል። ሆዱ ግን ሌላ ነው፤ የድሮውን ፋይል እንዳለ አይቀበልም። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ያሳልፋል። የኛ 412 ዕቃ ነው። ዛፍ፣ ምሰሶ፣ ሱቅ፣ መስጊድ፣ ፌርማታ።

ቀየርኩት። ከመርሳ ተነሳሁ። ሲሪንቃን አለፍኩ። ወልዲያ መግቢያ ላይ ጨዋታው ተዘጋ። ጥቁር።

እንደገና። እዚያው ቦታ ላይ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ከዕቃዎቹ ግማሹን አውጥቼ ነዳሁ። አልተዘጋም። ጥፋተኛው ካወጣሁት ግማሽ ውስጥ ነው ማለት ነው። የዚያን ግማሽ መልሼ፣ ደግሞ ነዳሁ። ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ካደረግሁ አንዱ ላይ እደርሳለሁ። አምስተኛው ላይ መብራት ሄደ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

አገኘሁት። ሌላ ዕቃ ቢሆን ምናለ?

የሰገን ቤት ነው። ወልዲያ መግቢያ ያለው የነሰገን ቤት፣ አረንጓዴ በር ያለው። ሌላውን ሁሉ ከተዘጋጁ ክፍሎች እየገጣጠምን ነው የሠራነው። ቤቱን ግን እሷ ብቻዋን ከባዶ ሠራችው፣ ከድሮው ቨርዥን ጋር ይመጣ በነበረ መሥሪያ። ያ መሥሪያ አሁን ቀርቷል። ለመቀየር ዋናው ፋይል ያስፈልጋል፣ የሚታረመው። እኔ ጋ ያለው ያለቀው ብቻ ነው። ዋናው እሷ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር።

አደይ ግን መቀየሪያውን በሰላም አልፋለች። አደይ መንገደኛ ናት። ሰገን በእናቷ አምሳል የሠራቻት፣ እቤት እናቷን በሚጠሩበት ስም የሰየመቻት። ቢጫ ዘንቢል ይዛ ከመርሳ ትሳፈራለች። ከቤቱ ፊት ያለው ፌርማታ ላይ ትወርዳለች። ወደ በሩ ትሄዳለች። ትገባለች። በቃ፣ ሥራዋ ያ ነው።

ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ማስታወሻም አነበብኩት። ሰገን እየሳቀች የጻፈችው፦ «ይህን መንገድ የሠራነው ሰገንና ኑሪያ ነን። ወደ ሌላ ቨርዥን ለመቀየር ሁለታችንንም ጠይቁ። አንዳችን እምቢ ካለች እምቢ ነው።»

ያኔ ማን ይጠይቀናል ብለን ነው?

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አንዷ እኔ ነኝ። እኔ ፈቅጃለሁ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

2013 ክረምት ላይ፣ ጦርነቱ ወደኛ ሲቀርብ፣ ሰገን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ደወለች። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስሟ ይበራል፣ ይጠፋል። አላነሳሁም። ያን ሰሞን ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ይታያል ይባል ነበር። የትግራይ ልጅ ከሆነች ጓደኛዬ ጋር ሳወራ ብታይስ... ፈራሁ። ነገ እደውልላታለሁ አልኩ። በነጋታው የሷ ስልክ ዝግ ነው። ቤተሰቡ ወጥቷል አሉ። ከዚያ የኛም ኔትወርክ ጠፋ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል? ሦስት ዓመት ተኩል «ምን ብዬ» ስል ቆየሁ።

አሁን ልደውል ነው። ለዚያውም ፋይል ፈልጌ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

የረመዳን ሦስተኛ ቀን። የድሮ ቁጥሯ አይሠራም። በአቡበከር መኪና ወልዲያ ሄድኩ። በነሰገን ቤት ስናልፍ አየሁት፤ በሩ ሰማያዊ ተቀብቷል። የማላውቃት ሴት ደጁን ትጠርጋለች።

ገበያ ገብቼ የሰገንን አክስት ፈለግሁ፣ እትዬ ማናን። እዚያው ቦታቸው ናቸው፣ በሳፋና በዘንቢል ተከበው።

«እትዬ ማና፣ እንዴት ዋሉ? ኑሪያ ነኝ፣ የሰገን...»

ቀና ብለው አዩኝ። «የመርሳዋ? ማንጎ ይዘሽ የምትመጪው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ባዶ እጅሽን መጣሻ።»

«ጾም ነው ብዬ...»

«ማንጎ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚፈሰክበት? ነይ ቁጭ በይ። አንቺም ጾም እኔም ጾም፣ ውሃ እንኳ ጠጪ አልልሽ።»

ቁጭ አልኩ። አንድ ሳፋ እስኪሸጡ ጠበቅሁ። ሰገን መቀሌ ናት አሉኝ፣ ስልክ ጥገና ትሠራለች። «የሰው ስልክ ስትፈታ ትውላለች። እኔ ስደውል አታነሳም።» ቤቱ አምና ተሸጧል።

«አደይስ?» አልኩ። «እናቷ ደህና ናቸው?»

ሳህን መደርደር ጀመሩ። የተደረደረውን አንስተው እንደገና ደረደሩት።

«እህቴማ አረፈች። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች ብዬ አልጋ አንጥፌ ነበር። እዚያው ቀበሯት።»

አላህ ያጽናዎት አልኳቸው። ስለ ፋይሉ አላነሳሁም። ቁጥሯን ብቻ ጠየቅሁ።

«እኔ ሰጠሁሽ እንዳትያት።» ተነስቼ ትንሽ እንደራቅሁ ጠሩኝ። «ኑሪያ። በያት። ትቆጣ። ስትቆጣ ትደውልልኛለች።»

የካቲት 27፣ ሐሙስ

አልደወልኩም። ጻፍኩ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ የላክሁት፦ «ሰገን፣ ኑሪያ ነኝ። ያን ቀን ሳላነሳ የቀረሁት ፈርቼ ነው። ስለ አደይ የሰማሁት በዚህ ሳምንት ነው። የመንገዱን ሞድ ወደ አዲሱ ቨርዥን ልቀይረው ፈልጌ ነበር፣ ሥራ ላገኝበት። የቤቱ ዋና ፋይል ካንቺ ጋ ነው። አንቺ ካልፈቀድሽ አልነካውም።»

አንብባዋለች። መልስ የለም።

ሥራ ላገኝበት... ለምን ጻፍኩት? እውነት ስለሆነ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

አሁንም ዝም። ባለፈው ሐሙስ አቡበከር አየኝና «ቤት አይደል? ራስሽ ሥሪው። ሙባረክ ጡብ ሳይኖረው ሦስት ክፍል ሠርቷል» አለ። ሙባረክ ጎረቤታችን ነው፣ በጭቃ የሠራው።

ከድሮ ፎቶዎች እያየሁ አራት ቀን ሠራሁ። ጣራው ላይ ያለውን ዝገት። የመስኮቱን ፍርግርግ። አረንጓዴው ትክክለኛው አረንጓዴ እስኪሆን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አስገባሁት። ከመርሳ ተነሳሁ። ሲሪንቃ። ወልዲያ መግቢያ... አልተዘጋም። አደይ ወረደች። በሩ ተከፈተ። ገባች።

ብቻዬን ወንበር ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። ድርጅቱ ዛሬ ቢያየው ዛሬ ይቀጥረኛል።

መላክ እችል ነበር። ማን ያውቃል? ማስታወሻው ውስጥ ያለው ግን «ሁለታችንንም» ነው። ፎቶውን ለሰገን ላክሁላት።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ከሰላት እንደተመለስኩ ነው የመጣው። እንዳለ ልገልብጠው።

«ኑሪያ። ዒድ ስለሆነ ነው የመለስኩልሽ። በዒድ ሰው አይኮረፍም ትዪ ነበር። ዋናው ፋይል የለም። ያን ቀን የደወልኩት ሃርድ ዲስኩን አንቺ ጋ ላስቀምጥ ነበር። መርሳ ድረስ አምጥቼ በር ላይ ልሰጥሽ። ስትታጪ ጊዜ ቁም ሳጥን ላይ ትቼው ወጣሁ፣ ስንመለስ አገኘዋለሁ ብዬ። አልተገኘም። አንቺን ለመውቀስ አይደለም፣ የት እንዳለ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ቤቱን አየሁት። ጎበዝ ነሽ። በሩ ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ረስተሽዋል። አውጪው ኑሪያ። ቤቱ አሁን የሰው ነው። የኛ እንደሆነ አድርገሽ አታቁሚው፣ እኔም እንዲያ እያየሁ መኖር አልችልም። ሌላውን ሁሉ ውሰጂ፣ ፈቅጃለሁ። አደይን ግን እንዳትነኪያት። ወልዲያ ትግባ። እንደ ድሮው ትውረድ።»

እንግዶቹ ሲጠሩኝ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። እናቴ ዓይኔን አይታ ሽንኩርቱ ነው ብላ መለሰችላቸው። ሽንኩርት የከተፈችው እሷ ነበረች።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ስንት ጊዜ ገብቼበት?

ቤቱን አጠፋሁት። አራት ቀን የሠራሁት በአንድ ቁልፍ ሄደ። ቦታው አፈር ነው አሁን፣ ከኋላው ተራራው ይታያል።

ነዳሁ። አደይ ወረደች። በሩ ወደነበረበት ሄደች። የሚከፈት ነገር የለም። ዘንቢሏን ይዛ ቆመች። ትንሽ ቆይታ ጠፋች፤ መንገደኛ መንገዱ ሲያልቅ ጨዋታው ያነሳዋል።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ላክሁላቸው። በሁለታችን ስም።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

መለሱ። «ሥራው በጣም ጥሩ ነው። አንድ ስህተት አለ፤ ወልዲያ መግቢያ ላይ የምትወርደው መንገደኛ ባዶ ቦታ ሄዳ ትቆማለች። መድረሻዋን ያስተካክሉ ወይም ያስወግዷት። እስከ ሚያዝያ 20 አርመው ሲልኩ ለቃለ መጠይቅ እንጠራዎታለን።»

አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አቡበከር፦ «ለነሱ ሌላ ኮፒ አውጪ። እሷን ሰርዘሽ ላኪ። ማን ያይሻል?»

«ማንም።»

«እና?»

«አትንኪያት አለችኝ።»

«ሥራ እኮ ነው የምታወሪው።»

«አውቃለሁ።»

የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «አንቺ ልጅ፣» አለ፣ «እኔ ብሆን እሰርዛት ነበር።» ወጣ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ጻፍኩላቸው። ስህተት አይደለም፣ ሞዱን አብራኝ የሠራችው የፈቀደችልኝ መንገደኛዋ ሳትነካ ነው፣ እንዳለ ይቆያል አልኩ። በሰዓታት ውስጥ መለሱ። ሐሳቤን እንደሚረዱ፣ ያለ እርምት ግን ወደሚቀጥለው ዙር ማሳለፍ እንደማይችሉ። ትሑት ደብዳቤ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ዛሬ ቀኑ አለቀ። አላረምኩትም።

ከሐሙስ ጀምሮ ግራና ከተማ እሄዳለሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ኮምፒውተር ማስተማር። ደመወዙ ትንሽ ነው። አቡበከር ሳይጠየቅ «መኪና መለወጫ ድረስ እኔ አደርስሻለሁ» አለ።

ጠዋት ለሰገን ደወልኩ። አላነሳችም። ከምሳ በኋላ ደወልኩ። አስር ላይ ደወልኩ። ሳይነሳ ሲቀር ስንት ጊዜ እንደሚጠራ አሁን አወቅሁ። ብዙ ነው። ለሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ሳይመሽ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከመርሳ ተነሳሁ። አደይ ዘንቢሏን ይዛ ተሳፈረች። ዝናብ ነበር፣ አዲሱ ቨርዥን ዝናቡ ያምራል። ሲሪንቃን አለፍን። ፌርማታው ላይ ቆምኩና በሩን ከፈትኩላት። ወረደች። ወደ ቦታው ሄደች፣ ቆመች።

ሌላ ጊዜ በሩን ዘግቼ እነዳለሁ። ዛሬ ሞተሩን አጠፋሁት። ሌሎቹ መንገደኞች ሰዓት አለፈ ብለው ማጉረምረም ጀመሩ፣ ነጥቤም ይቀነስ ጀመር። እስክትጠፋ ድረስ በሩን ከፍቼ ጠበቅኋት።