አባቴ ትንፋሽ ባጠረው ዕለት ስለጠፋው ገመድ

ለተከበሩ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሳንባዎ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ዕቃዎን የምንጠቀም ታማኝ ደንበኞችዎ ለጊዜው ሁላችንም እንተነፍሳለን። «ለጊዜው» ያልኩበትን ምክንያት ከዚህ በታች በትህትና አስረዳለሁ።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ክር ቢወሳሰብ አልደነግጥም፤ ጫፉን ፈልጌ፣ ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ። ይህን መናገሬ ለጉራ ሳይሆን፣ ከእናቴ ቁም ሣጥን ሥር ያለው ጆንያ ያሸነፈኝ በስንፍናዬ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ነው። በጆንያው ውስጥ ያለው የስልክ፣ የፀጉር መቁረጫና የእጅ ባትሪ ገመድ ሁሉ የኩባንያዎ ሥራ ነው። እርስዎ አዲስ ስልክ ባወጡ ቁጥር የቻርጀሩን ቀዳዳ ስለሚቀይሩ፣ እናቴም «የጣሉት ይፈለጋል» የምትል ሴት ስለሆነች፣ ጆንያው ከዓመት ዓመት ሲወፍር ኖሯል።

አቤቱታዬን እንደ ወጉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገመዶችዎን ሁሉ ጥቁር ስላደረጉልን እናመሰግናለን። የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ግን አንዱ የገባበት ሌላው አይገባም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር፤ ገመድ ቢያብር አንድ ቤተሰብ እንዴት አድርጎ እንደሚያስር ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ አባቴ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን አስም አለበት። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጋ የምታስተነፍስ ትንሽ ማሽን አዞለት፣ የእርስዎን ኩባንያ ምርት ገዛን። ገመዷ ከማሽኗ ይነቀላል። እናቴ እንግዳ መጣ ብላ ቤት ስታሰናዳ፣ ያንን ገመድ ከወንድሞቹ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተተችው።

ከምሳ በኋላ አባቴን ትንፋሽ አጠረው። መድኃኒቱን ማሽኗ ውስጥ ጨመርኩ፤ ገመድ የለም። ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። አንዱ ቀጠነ፣ አንዱ ወፈረ፣ አንዱ ገባልኝ ስል ተመልሶ ወደቀ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ሳያይ ክር የሚያስገባው እጄ አንድ ገመድ ማስገባት አቃተው። ከኋላዬ የአባቴ ደረት ያፏጫል። ኋላ ፉጨቱ እየቀነሰ መጣ፤ ለማያውቀው ሰው ደስ ይላል፣ ለሚያውቀው ግን ከፉጨቱ የሚብሰው መቀነሱ ነው።

በዚህ መሀል አባቴ እጁን አንሥቶ ኮመዲኖው ላይ ወዳለው አሮጌ ሬዲዮ ጠቆመ። እኔ ዜና ሊሰማ የፈለገ መሰለኝ። እናቴ ደግሞ ኑዛዜ መስሏት «አንተ ከሌለህ ሬዲዮው ምን ያደርግልኛል!» ብላ እዬዬዋን አቀለጠችው። አባቴ የሚቆጣበት ትንፋሽ ስላልነበረው በዓይኑ ተቆጣን፤ ጣቱንም ከሬዲዮው በግድግዳው በኩል ቁልቁል ወደ ሶኬቱ አወረደው። ያን ጊዜ ገባኝ። ተንደርድሬ የሬዲዮውን ገመድ ነቀልኩ፣ ማሽኗ ላይ ሰካሁት፣ ልክ ሆነ። ማሽኗ ስታጉረመርም እኔና እናቴ የገመዱ ክምር ላይ ተቀምጠን አለቀስን። አባቴ መናገር ሲችል መጀመሪያ ያለው «ቆይ፣ የምናዘዝ መሰለሽ?» ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ አባቴን ያተረፈው ኩባንያዎ ሳይቋቋም የተሠራ ሬዲዮ ገመድ መሆኑን ስገልጽልዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ገመዶቹን ወለሉ ላይ ደርድሬ፣ ከስፌት በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ እያሰርኩ ለየኋቸው። ቀይ ጨርቅ ከክምሩ ሥር ለተገኘው ለአባቴ ማሽን ገመድ፣ ቢጫ ለስልክ፤ የምን እንደሆነ ያልታወቀው ግን ጨርቅ ጨረሰብኝ። ማንነታቸውን ይነግሩኝ እንደሆን ብዬ ጆንያውን ተሸክሜ የደንበኞች አገልግሎትዎ ዘንድ መጣሁ። ከረባት ያሰረው ሠራተኛዎ በጨዋ ደንብ ተቀብሎኝ «አዲሱን ሞዴል ቢገዙ ይሻላል» አለኝ። የአባቴን ነገር ስነግረው እንባዬ አመለጠኝና ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አመጣልኝ። ስለ ውሃው ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ከኩባንያዎ ካገኘሁት ሁሉ ያለ ገመድ የሠራልኝ እሱ ብቻ ነው።

ቀልዴን አይዩብኝ፣ ጨንቆኛል። አባቴ ባሳለ ቁጥር የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እናቴም የማሽኗን ገመድ ወገቧ ላይ ታጥቃ ነው የምትውለው፤ ገበያም ስትሄድ አትፈታውም። የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፤ በየገመዱ ላይ የምን ዕቃ እንደሆነ ይጻፉበት። ቃል ከበዛ አንዲት ፊደል ትበቃናለች።

ትንፋሽ ሳያጥርዎ እስከዚህ ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በክቡርነትዎ ምርቶች መሀል ተንበርክካ የምትገኝ፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለአባቴ ባነብለት «ሰውየውን አትዝለፊው፣ ይልቅ መርቂው» አለኝ። የአባት ቃል ነውና ይኸው፦ ዕድሜ ሰጥቶ ለእርጅና ያብቃዎ፤ የሚጦርዎ ልጅ አይጡ፤ የሚያስተነፍስዎም ማሽን የራስዎ ኩባንያ የሠራው ይሁን።