ሰው ስለሚሆነው ቀይ መኪና

ለልጄ ለየሻው ገብረ ማርያም፤
አሰብ።

ከባሕሩ ወበቅ፣ ከወደቡ ብረትና ከድንገተኛ ነገር ጋርዶ የሚያኖርህ አምላክ ስሙ ይክበር። እንደምን ከርመሃል? ያ በክረምት ይነሣብህ የነበረው የጎን ውጋት ተወህ ወይስ እስከ ባሕር ተከትሎህ ወረደ? ባለቤትህ ዓለምወርቅስ እንደምን አለች? ሙቀቱን ለመደችው? አንተ በጻፍህ ቁጥር «ሁላችን ደኅና ነን» ብለህ ታልፋለህ፤ ደኅንነት ግን የሚታመነው በዝርዝር ሲነገር ነው። እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። አክስትህ ካሣነሽ ወገቧ ቢደክምም ምላሷ እንደ በረታ ነው። ልጅህ ስንዱ አድጋለች፤ አምና የላክህላት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል።

ለስንዱ የላክኸው መጫወቻ በሐምሌ አቦ ማግሥት ደረሰን። በአርብ ገበያ ጨርቅና ጨው የሚሸጠው ጁነይዲ ከደሴ በጭነት መኪና አምጥቶ በእጄ አስረከበኝ። ፈትተን ባየነው ጊዜ፣ «መሪጌታ፣ ይህ ነገር ጋኔን ከሆነ በእኔ ሱቅ አላለፈም ይበሉልኝ፤ እርስዎ ጠበል አለዎት፣ እኔ ያለኝ ጨው ብቻ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

በግንቦት ስንዱን ወደ አሰብ ወስደህ ልታስተምራት ስትጠይቀኝ «አይሆንም» ብዬ ጽፌልህ ነበር። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤት ሳይከፈት መልሴን እንድመረምር ለመንኸኝ፤ ከዚያ በታችም ስለ መጫወቻው ፍርዴን ጠየቅኸኝ፤ የሥራ ባልደረባህ ለልጁ ሊገዛ አስቦ «ገንዘብ የሚወጣበት ነው ወይ?» ስላለህ። እንግዲህ በሁለት ነገር መልስ አለብኝ። ከቀላሉ እጀምራለሁ።

ሮቦት ይሉታል ያልኸው ይህ ዕቃ በመኪናነቱ ከስንዝር ያንሳል። ቀለሙ እንደ በሰለ በርበሬ ቀይ ነው፤ ጎማዎቹም እውነተኛ ላስቲክ ናቸው። በመጽሐፍ ሣጥኔ ክዳን ላይ ሲገፉት ሳይንገራገጭ ይሄዳል፤ በጭቃው ወለላችን ላይ ግን ሦስት ክንድ ሳይደርስ ይገለበጣልና ሲሚንቶ ላለው ቤት የተሠራ ነው። መኪና ሆኖ ሳለ በውስጡ ሰው መኖሩን የሚያሳብቅ ምልክት አይገኝበትም፤ የሠሪውን እጅ አደንቃለሁ። የኋላው ለሁለት ተከፍሎ ሲሳብ እግር ይሆናል፤ በሮቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ክንድ ይሆናሉ፤ በመጨረሻ ከጣሪያው ሥር ብርማ ፊት ብቅ ይላል። ፊቱ አፍ የለውም። ይህን አልወደድሁትም፤ ሰው ብለው ሠርተው ቃል ነሱት። ሲቆም ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ በደረቱ ላይ የለጠፉትም ወረቀት በሁለተኛው ሳምንት ተላጠ።

ክረምታችንን አትረሳውም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከበሽሎ ገደል ሲነሣ ማዶው ይጠፋል፤ ዛፉም ደብሩም የሚንሳፈፍ ይመስላል። እኔ ባሕር አላየሁምና አንተ ያለህበትን ሳስብ የሚታየኝ ጉም የሞላው ገደል ነው፤ አንተም በዳሩ ቆመህ ያን ረጅም የክሬን ክንድ ታዘዋለህ። በእንዲያ ያለ ሰዓት ዕቃውን በጉልበቴ ላይ አድርጌ እግሩን ስስብና ስመልስ፣ የተማሪዎቹም ዜማ በጉሙ ውስጥ ሲመጣና ሲርቅ፣ በሕልም ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ቀይ መኪና በጉሙ ላይ ያለ መንገድ ይሄዳል፤ በማዶው ሰው ሆኖ ይነሣል፤ ሲቀርብ አንተ ነህ። ዓይኔን ስገልጥ ስንዱ ከፊቴ ቁጭ ብላለች፤ የምታየው ግን እጆቼን ነው።

እንዳትነካው ከልክያት ነበር። በእኛ ሥርዓት ተማሪ ቃሉን በጆሮው ሳይጨርስ መጽሐፍ አይገልጥምና፣ እሷም በዓይኗ ሳትጨርስ በእጇ አትይዘውም አልሁ። እሑድ እሑድ ብቻ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሣጥን አወጣው ነበር። ካሣነሽ «ለልጅ የተላከ መጫወቻ እንደ ታቦት ይሰወራል እንዴ?» እያለች ታጉረመርማለች።

ሰው ማድረጉን በመጀመሪያው ቀን አወቅሁት። መልሶ መኪና ማድረጉ ግን ሦስት እሑድ ሙሉ እምቢ አለኝ። አሠራሩን በሥዕል የሚያሳየውን፣ አብሮት የመጣውን ወረቀት አልተመለከትሁም፤ በሥዕል ተምሬ አላውቅም። ጥፋቴን ልንገርህ፤ በዘረጋሁበት ተራ እመልሰው ነበር፤ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ከዚያ ራስ። ድጓ ከመስከረም አንድ፣ ከዮሐንስ ተነሥቶ ወደ ፊት ይዜማል፤ ዓመቱ ሲያልቅም እንደገና ከዮሐንስ ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ ድጓ የለም፤ አምሳ ዓመት በዚህ የሄደ እጅም ሌላ መንገድ አላወቀም። በሦስተኛው እሑድ ተቆጥቼ ተጫንሁት። ጠቅ አለ፤ በግራ ክንዱ ሥር ስንጥቅ ወጣ።

ይኸኔ ስንዱ «የኔታ፣ አይጫኑት» አለች። ከተማሪዎቹ ሰምታ እሷም የኔታ ትለኛለች። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አልኋት። «አህያ ሲጫን መጨረሻ የታሰረው ገመድ አይደል ሲራገፍ መጀመሪያ የሚፈታው? ራሱን ያስቀድሙ» አለችኝ። ካሣነሽ ከጓዳ ሆና «ድንቄም መሪጌታ!» አለች።

ዕቃውን ሰጠኋት። አልዋሽህም፣ እንድትሳሳት ተመኝቻለሁ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ «ራስ፣ ቀኝ ክንድ፣ ግራ ክንድ፣ እግር» እያለች በተማሪ ዜማ ቆጥራ፣ መኪና አድርጋ በሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። የሣጥኑ ቁልፍ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም፤ ነክታው አታውቅም ነበር። ሲዘረጋ ያየችውም አንድ ቀን ብቻ ነው።

የፍልሰታን ሱባኤ በዚህ ነገር ከረምሁበት። የጨረሰን ተማሪ መምህሩ ለራሱ ምቾት ሲል አያስቀረውም፤ ውኃ የሚቀዳለት፣ እንጨት የሚሰብርለት እርሱ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ መስክሮለት ወደሚቀጥለው መምህር ይሰደዋል። እኔ ሃያ ዘጠኝ ደቀ መዛሙርት እንዲህ ሸኝቻለሁ፤ በአንዱም አልሰሰትሁም። በልጅህ ሰሰትሁ። በግንቦት ስለ ወባው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እንጀራ እናትም ጻፍሁልህ። እውነቱ ይህ ነው፤ ዓይኔ ደክሟል፣ መጽሐፌን የምታነብልኝ እሷ ናት። ዓለምወርቅ በቃሌ አዝና እንደሆነ ይቅር ትበለኝ።

ስንዱ እኔ ያላስተማርኋትን ማወቅ ጀምራለች። ስለዚህ መስክሬላታለሁ፤ ውሰዳት።

ይህን በነገርኋት ጊዜ «ማን ያነብልዎታል?» አለችኝ። «በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኋት። «ሲሳሳቱስ ማን ያርምዎታል?» አለች። ተነሥቼ ጉሙን ላይ ወጣሁ።

በመስከረም ሁለተኛው አርብ በጁነይዲ ሱቅ ጠብቀን፤ በበቅሎ አደርሳታለሁ። ስትቆጣ ዝም ትላለችና ዝምታዋን በስንፍና አትቁጠርባት። ስታጠና ድምፅዋን ታሰማለች፤ ጎረቤት ቢያጉረመርም እንኳ ዝም በይ አትበላት። ለባልደረባህም ዕቃው ብልህ ነው፣ ክንዱ ግን ቁጡ እጅ አይችልም፣ የሥዕሉንም ወረቀት ለልጁ እንጂ ለአያቱ አይስጥ በለው።

ለልጄ ለዓለምወርቅ በአባት ፍቅር ሰላም በልልኝ። በወደብ አብሮህ ለሚሠራው፣ ሳላየው ለፈረድሁለትም ባልደረባህ ሰላምታዬ ይድረሰው። አክስትህ ካሣነሽ «ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሥጋም ጨምሮ ከሆነ ንገሪኝ» ብላ በስንዱ በኩል ልካለች። የስንዱን ሰላምታ ከዚህ ላይ ልጽፍ ብዕሬን ባነሣ ግን «ይተዉት የኔታ፣ እኔው በአፌ እነግረዋለሁ» ብላ ከለከለችኝ።

አባትህ መሪጌታ ገብረ ማርያም
ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ነሐሴ ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.