ለፎቶው ስንበላ

ከሚሴ፣ የካቲት 2004 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

እህቴን ሰልማን ፎቶ አስነስቼ በዓዲላ እጅ እንድልክልሽ አዘሽኝ ነበር። ዓዲላ እረፍቷን ጨርሳ ነገ ወደ ኩዌት ትመለሳለች። የያዘችልሽ ይህን ደብዳቤና አንድ የጤና ጣቢያ ካርድ ብቻ ነው። ፎቶ የለም። ለምን እንደሌለ አንብቢና ከዚያ ተቆጪ።

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሰልማ ሳትወለድ፣ ለእህትሽ ለዘይና ሰጥተሽኝ ሄድሽ። በዓመቱ ወባ ይዞኝ ከስቼ የተነሳሁት ፎቶ ደረሰሽ። አክስቴን ቴሌ ድረስ አስጠርተሽ ምን እንዳልሻት ታስታውሻለሽ? አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ድምፅሽ እኔም ዘንድ ይሰማ ነበር። «እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ፣ አንቺ ልጄን በረሃብ ትገዪብኛለሽ?» አልሻት። አክስቴ «ወላሂ፣ ወባ ነው» አለች። ስልኩን ግን ዘግተሽው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ምግብ የሚቆምበት ሰዓት ጠፋ። ገንፎ በቅቤ፣ ሩዝ በዘይት፣ በላዩ ለስላሳ፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ደግሞ ብስኩት በሁለቱም ኪሴ። «ጠገብኩ» ስላት «ብይልኝ የኔ ልጅ፣ እናትሽ በኔ ትፈርዳለች» ትለኝ ነበር። ፎቶ የምንነሳበት ወር ሲደርስማ ይብስ ነበር። ፎቶ አንሺው አገጬን ቀና ሲያደርግ እሷ ከኋላው ቆማ «ጉንጯ ይታይ፣ ጉንጯ» ትላለች። አንቺም «ማሻአላህ፣ አሁን ልጄን አየኋት» ብለሽ ትልኪያለሽ።

ፎቶው ላይ ያላየሽውን ልንገርሽ። ልጆቹ በር ላይ «ፉርዶን ዱፍቴ! ወፍራሟ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» እያሉ በሁለቱም ቋንቋችን ይቀበሉኝ ነበር። የስፖርት መምህሩ «አንቺ ሩጫውን ተዪው፣ የልጆቹን ሹራብ ጠብቂ» አለኝ። አራት ዓመት ሹራብ ጠበቅሁ። አንደኛ የምወጣው ተማሪ ሜዳ ላይ የልብስ መስቀያ ነበርኩ። ፎቶው ላይ የምስቀው ደስ ብሎኝ ይመስልሽ ነበር። ዳግመኛ አክስቴ ላይ እንዳትጮሂ ፈርቼ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ተመለስኩ። ባለፈው ማክሰኞ ሰልማን ልወስዳት ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ኳስ ያባርራሉ። እህቴ ግን ዛፍ ስር ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ሹራቦች ተደርድረዋል።

«ማን አዘዘሽ?» አልኳት።

«ማንም። ሁልጊዜ ጠባቂዋ እኔ ነኝ» አለችኝ፣ እንደ ሹመት ቆጥራው።

እጇን ይዤ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግማሽ መንገድ ላይ ቁና ቁና እየተነፈሰች «እባክሽ ባጃጅ ጥሪልኝ» አለችኝ። ነርሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። በዘጠኝ ዓመቷ አርባ ዘጠኝ ኪሎ። የደሟ ስኳርም ከፍ ብሏል፤ ካርዱ ላይ አለልሽ።

ቤት ስንገባ አክስቴ ካርዱን አይታ «ለእናትሽ ምን ልበላት?» አለችኝ።

«እውነቱን።»

«እናትሽ እውነት የምታየው በፎቶ ነው እኮ» አለችኝ።

ዓዲላ አንቺ እንደከሳሽ፣ የእመቤትሽን ትራፊ ቆመሽ እንደምትበይ ነግራኛለች። ያንቺን ፎቶ ግን አንድም ቀን ልከሽልን አታውቂም። እኛም ላኪልን ብለን አናውቅም። ይህን ስጽፍ ቁጣዬ አልበረደም፤ እንዲያውም የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

ሰልማ አሁን ጠዋት ጠዋት እየተነጫነጨች ከኔ ጋር በእግሯ ትሄዳለች። ለስላሳ ቤታችን አይገባም። ጉንጯ ይጎድላል፤ አንቺም አታዪውም። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ፎቶ አይወጣም፤ አክስቴ በድብቅ ብታስነሳትም እቀደዋለሁ።

ተመልሰሽ የወለድሻትን ሰልማን ትተሻት ዳግም ስትሄጂ ገና ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። አሁን ስንት እንደምትከብድ ማወቅ ካሻሽ፣ መጥተሽ እቀፊያት።

ሹራብ ጠባቂዋ ልጅሽ፣
ረቢአ