ከድልድዩ ሥር የቆምን ዕለት

ውድ እትዬ፣

ይህን በስልክ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። ስትስቂ ደግሞ እናደዳለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ባለፈው ደውዬ የጮህኩብሽን አልረሳሽውም። የዓመቱ የሥራ ምዘና ውጤቴ ደርሶኝ ነበር። ጭማሪዬ ከቢሮው ሁሉ ዝቅተኛው ነው፤ ከሥሩም «ሥራ ያዘገያል» የሚል ሰፍሯል። እኔ! የሌሎችን መሐንዲሶች ስሌት የምመረምር፣ ድልድይ ሳይሠራ በፊት «ይህ አይችልም፣ አቁሙ» የምል ሰው! መልቀቂያዬን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ነገ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ እወረውረዋለሁ አልኩሽ።

«አንተ ክብሪት!» አልሽኝ። «ሃምሳን አልፈህም አልረጠብክም?»

«እትዬ፣ ቀልድ አልፈልግም።»

«እኔም አልቀለድኩም። የማዋልዳቸውን ሴቶች የምላቸውን ልንገርህ። መጮህ ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም፤ ግን ጩኸቱ የሚገፋው ነገር ይኑር። አንተ በዚህ ሁሉ ጩኸት ምን ልትወልድ ነው?»

ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ይቅርታ አልጠይቅሽም፣ ለምደሽዋል። ጥያቄሽ ግን አልዘጋ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪው ግማሽ ማርክ ቀንሶብኝ ደብተሬን ቀድጄ የመጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። አባባ ቀበቶውን ሲፈታ አንቺ እጄን ይዘሽ ወደ መምህሩ ወሰድሽኝ። ልትከራከሪልኝ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን «ምን ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነው ሙሉውን የሚሰጡት?» ብቻ አልሽው። ሰውየው ደስ ብሎት ተነስቶ ሰሌዳው ላይ አሳየኝ። ያን ዕለት ጠላሁሽ። አሁን ሳስበው ግን ይደንቀኛል። አንቺም እኮ ልጅ ነበርሽ። ይህን ማን አስተማረሽ?

በነጋታው መልቀቂያውን ቤት ትቼ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ከፋይናንስ የመጣ፣ አርማታን በዋጋው እንጂ በጥንካሬው የማያውቅ። ሲያየኝ የሻይ ብርጭቆውን ከአጠገቤ ራቅ አደረገው።

«ጭማሪው አሳዝኖኛል» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ልጣላህ አልመጣሁም። ምን ባደርግ ኖሮ ነበር ውጤቴ የሚሻለው? ከእንግዲህስ ምን ብታይ ነው ሐሳብህን የምትለውጠው?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር?»

«ተናገር።»

«ዲዛይነሮቹ ይፈሩዎታል። ስሌታቸውን የሚያመጡልዎት አርማታው ሊሞላ ዛሬ ነገ ሲባል ነው። ቀደም ብለው ካመጡ በጅምሩም ሲያልቅም፣ ሁለቴ ይሰደባሉዋ! እርስዎ ስህተት ሲያገኙ ሠራተኛውም ማሽኑም ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላዎ ማን እንደሚሉዎት ያውቃሉ?»

«ማን ይሉኛል?»

«ጋሽ ቁም።»

ደሜ ፈላ። ብርጭቆውንም አየሁት። አንቺ ግን ጆሮዬ ሥር ቆመሽ «ግፋ እንጂ!» የምትይኝ መሰለኝ።

«ገንዘቡስ?» አልኩት።

«የዘንድሮው ተዘግቷል። ልዋሽዎት አልችልም።»

«እሺ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። አዲሱ ድልድይ የሚፈተሽ ዕለት ከእኔ ጋር ና። የምትመዝነውን ሥራ አይተህ መዝን።»

መጣ። የተዋሰው ሄልሜት ዐይኑ ድረስ ወርዶበታል። ወንዙ ዳር፣ ከድልድዩ ሆድ ሥር ቆምን። የፍተሻው ነገር ቀላል ነው፤ አሸዋ የጫኑ ገልባጮች ከላይ ይደረደራሉ፣ እኛ ከታች ሆነን ድልድዩ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እንለካለን። የዚህን ድልድይ የመሐል ተሸካሚ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ አስቁሜ ያስለወጥኩት እኔ ነኝ።

ገልባጮቹ ገቡ። ጎማቸው ከራሳችን በላይ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሞተራቸው ጠፋ። ትንሽ አቧራ ትከሻችን ላይ ረገፈ። የመለኪያው ጠቋሚ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። አለቃዬ ክንዴን ጨመደደኝ።

«ጎበጠ! ጋሼ፣ ጎበጠ እኮ!»

«ይጎብጥ እንጂ! አልጎብጥ ያለ ነው የሚሰበር። አሁን ዝም ብለህ እይ።»

ገልባጮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጠቋሚው በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ተመለሰና የተነሳበት ነጥብ ላይ ቆመ።

እትዬ፣ የስንት ድልድይ ሥር እንደቆምኩ ታውቂያለሽ። ይህችን ቅጽበት ግን እስከ ዛሬ አልለመድኳትም። ያ ሁሉ ብረትና ድንጋይ፣ ያን ሁሉ ሸክም ችሎ፣ ማንም ሳያዘው ወደ ቦታው ይመለሳል። እኛ ወረቀት ላይ ስናሰላው የነበረውን እሱ ከየት አወቀው? ሄልሜቴን አወለቅሁ። ደንቡ ይከለክላል፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው በጻፍኩበት። እኔ ግን ሁልጊዜ አወልቃለሁ።

አለቃዬም አንጋጦ ቀረ። «በመጀመሪያው ንድፍ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮስ?» አለኝ።

«ጠቋሚው አይመለስም ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ማንም። ማንም ካላወቀ ሥራዬን ሠራሁ ማለት ነው» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ታዲያ ጋሼ» አለኝ በለሆሳስ፣ «እኔስ ከየት አውቄ ነው የምከፍልዎት?»

እኔ፣ ወንድምሽ፣ አልተቆጣሁም! ከዚያ ሳቄ መጣ፣ እሱም ሳቀ፤ ሳቃችንን ድልድዩ አስተጋባው።

ዘንድሮ አልተጨመረልኝም። የተስማማነው ይህ ነው፦ በዓመቱ አጋማሽ እንደገና እመዘናለሁ፤ አርማታ ሳይሞላ በፊት የተያዘ ስህተትም ሥራ ሆኖ ይቆጠርልኛል። እኔ ደግሞ ንድፎችን ገና በጅምር ሳሉ አያለሁ፣ ያለ ስድብ። «ያለ ስድብ» የምትለዋን ያስገባት እሱ ነው።

ትናንት አንዷ ዲዛይነር ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «ገና አላለቀም» አለችኝ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጣብቃ።

«ግቢ፣ ተቀመጪ። አብረን እንየው።»

ገና ከመጀመሪያው ገጽ ስህተት ነበረው። ምላሴን ነከስኩ። ገለጥኩ። ከዚያ ሁለት ምሰሶዎች አየሁ፤ አዘንብላ አስደግፋቸዋለች፣ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲቀበል። ድልድዩ በታሰበበት ጠባብ ገደል ላይ እንዲህ ሊቆም ይችላል ብዬ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አስቤ አላውቅም። ስሌቱን ከላይ ወደ ታች ሄድኩበት፣ ከታች ወደ ላይ ተመለስኩበት። ይቆማል። ደግሞም ያምራል። ስቆይባት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ልውሰደው፣ ጋሼ?»

«ቁጭ በይ! ይህ ያምራል» አልኳት።

አልተቀመጠችም። ስድቡ እስኪከተል ቆማ ጠበቀች። እትዬ፣ እንዲህ ያለ ስንት ሐሳብ እኔን ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ይሆን?

የትም አልሄድም። የዚያች ልጅ ምሰሶዎች ሸክም ተቀብለው ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ሳላይ ከዚህ ቢሮ አልወጣም። ያን ዕለት ከጎኔ እንድትቆሚ እፈልጋለሁ፤ በልክሽ ሄልሜት አስመጣለሁ። እስከዚያ ጉልበትሽን ጠብቂልኝ፤ ወደ ገደሉ የሚያወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ